ሞክሼ

ዛሬ ከደብሊን ዜና መጣ፤
የስም ማጥፋት ሕጉ ሊሻሻል ነው አሉ፣ ረቂቁም ወጣ።
የዝግጅት ክፍሉ አጨበጨበ፣ አንዱ ሮጦ ብስኩት ገዛ፤
እኔ መሳቢያዬን ብከፍት፣ ያቺ ቁራጭ ጋዜጣ ታየችኝ ደብዝዛ።
ስምንት ዓመት ሆናት፣
በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በቀይ ተከብቦ ስሙ ያለባት።

ፊንታን ዲቬን፣ የስላይጎው ፒያኖ ቃኚ፣
ማልዶ ተነሺ፣ በጊዜ ተኚ፣
ከሁለት መቶ ክር መሐል የላላችውን አንዲት ክር በጆሮው የሚለይ፤
እኔ ግን ከሁለት ሰው አንዱን አልለየሁም፣ ከስም በቀር ሳላይ።
ሌላ ፊንታን ዲቬን ነበረ፣ የአረጋውያን ማኅበር ገንዘብ ያዥ፣
ችሎት የቀረበ፣ በመበለቶች ጡረታ ላይ ራሱን የሾመ አዛዥ።
ሞክሼ እንላለን በእኛ ቋንቋ፤ ሞክሼ ለሞክሼው ይሥቃል፤
እኔ የአንዱን ዕዳ ለአንዱ ጫንሁ፤ የፊት ገጽ ደግሞ ያደምቃል።
ፎቶውም የቃኚው ነበረ፣ ፈገግ ያለ፣ በሐር ክራባት፣
ለልጁ ሠርግ የተነሣው። ማን ይጠይቅ? ደርሶ ነበር የማተሚያው ሰዓት።

ማንም አልሰደበውም። ሰላምታው ብቻ አጠረ፤
ዳቦ ቤት ሲገባ ወሬው፣ እፍ እንደተባለ ሻማ፣ ድርግም ብሎ ቀረ።
የትምህርት ቤቱ ፒያኖ «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ፣
የሆቴሉም፣ የገዳሙም፤ ከተማው ሳይቃኝ ከረመ፣ ሳይቃኝ ዋለ።
ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከማተሚያ የወጣስ?
አፋፉንም አልፎ ይወርዳል፣ ሰው ማዕድ፣ ሰው ደጃፍ እስኪደርስ።

ይህችን ቁራጭ ይዞ መጣ፣ ዝናብ የጠጣ ኮት ለብሶ፤
ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፁ ከሹክሹክታ አንሶ፣
«በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል ቁመት፣ እርሱ አይደለም በሉልኝ።
ካሳ አልጠይቅም፤ ጠበቃ መክፈያም የለኝ።»

ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሰጠነው፣ ሦስት መስመር፣
ከጎማ ማስታወቂያ በታች፣ ከጠፋ ድመት ጎን፣ «እናዝናለን» የሚል ነገር።

ድመቱ በሳምንቱ ተገኘ።

በዚያው ወር ስለ ድንጋይ ካባው ጌታ የጻፍሁት ነበረኝ፤
ሰነድ ነበረኝ፣ ምስክር ነበረኝ፣ ወንዙን ያደፈረሰው ዝቃጭ በጠርሙስ ነበረኝ።
ከጠበቆቹ አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ፤
አለቃዬ «ተይው» አለኝ፣ ፊቱ ከወረቀቱ ብሶ ነጣ።
እውነቱ መሳቢያ ገባ፣ ሐሰቱ ገበያ ወጣ፤
ሕጉ እንዲያ ነበር፣ ለከበደ ኪስ ጋሻ፣ ለባዶ ኪስ ጣጣ።

አሁን ረቂቁን አነብባለሁ፣ እየደጋገምሁ።
ባለጠጋ በክስ ብዛት አፍ እንዳያዘጋ ይላል፤ እሰየው አልሁ።
ወረድ ሲል ደግሞ አንዲት መስመር፣
«እርምት ስሕተቱ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል ልክ ይነገር።»
ባልደረባዬ ብስኩቱን እየቆረጠመ፣
«የፊት ገጻችንን ሊወስዱብን ነው!» ብሎ አጉረመረመ።
እኔ ዝም አልሁ።
የዚያን ቀን የፊት ገጹ የማን እንደነበር አውቃለሁ።

ፊንታን ይህን አልሰማም፤ አምና በኅዳር ተቀበረ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ፣ ለእኔ ተረት ነበረ።
ሄጄ አየሁት። ልጁ ናት ያስቀረጸች፤
ከስሙ ሥር፣ ከስሙ እኩል፣ «ፒያኖ ቃኚ» ብላ ጨመረች፣
አላፊ አግዳሚው ከሞክሼው እንዳያምታታው።
ፊደሉ ጠልቋል፤ ዝናብ ቢመታውም ይዳሰሳል፤
በጣቴ ለካሁት፤
የፊት ገጻችንን ርዕስ ያህላል።