በየትኛው «ሀ»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከቀበሌው ቢሮ፣
ወረፋው በር አልፎ፣ በአጥሩ ሥር ዞሮ፣
የጋሽ ሙሔ ኑርዬ ተራ ደረሰ፣
የሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ጥጥ ደረታቸው ውስጥ
ሳል እየቀሰቀሰ።

«የልጂቱ ስም?»
«ሐያት።»
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። «በየትኛው ‹ሀ› ልጻፋት?
በሃሌታው፣ በሐመሩ፣ ወይስ በብዙኃኑ?
ለእኛስ ያው ነው፤ ሦስት ቆብ ለአንድ ራስ።»

«በጉሮሮው» አሉኝ፣
እጃቸውን ማንቁርታቸው ላይ አድርገው።
በሩ ላይ ሰው ያጉረመርማል፤ ደጁ ፀሐይ ነው።

«እናንተ ፊደሉን አኑራችሁ፣ ድምፁን ጣላችሁ፤
ጎጆው ቆሞ ቀርቷል፣ ሰውየው ወጥቷል ከቤታችሁ።
እኛ አርጎባዎች ደግሞ ሰውየውን ይዘን
ጎጆ አጥተን እንዞራለን፣ ከደጅ ደጅ ተክዘን።»

እኔ «አንድ» ስል፣ «ሐንድ»፤
እኔ «አመድ» ስል፣ «ሐመድ»፤
ያቺ ከደረት የምትወጣ ትንፋሽ
እፍ ያሉበት ያህል፣
ከአመዴ ሥር ፍም ያየሁ መሰለኝ።
«ኧረ ፍጠን!» አለ ከወረፋው አንዱ።
በሐመሩ ጻፍኳት።

ሐሙስ ማታ
(ይህንንስ በየትኛው ልጻፈው?)
ቦርከናን ተሻግሬ ቤታቸው ሄድኩ።
አምስት ልጆች፣ አንድ የተሰነጠቀ ስልክ፣ አንድ ድቤ።
ከሾንኬ ተራራ የወረደ የሠርግ ዜማ ያስጠናሉ።
ዘጠኝ ቤት ነው፤ አምስተኛው የለም።
እሱን የምታውቀው እህታቸው ዘምዘም ነበረች፤
ደሴ ሆስፒታል፣ አልጋ ላይ፣ «ነገ እነግርሃለሁ» አለች፤
ነገ መጣ፣ እሷ አልነበረች።
አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ከንፈር ይገጥማል፣
ድቤው ብቻውን አራቴ ይመታል፣
ከዚያ ስድስተኛው ይቀጥላል።

«ስንኝ መግጠም አያቅተኝም፤ ልሙላልዎ?» ብል
ሳቁ፣ ሳሉ፤
«ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ምንጣፍ ይነጠፍለታል እንጂ
በሟች መደብ ላይ አይተኛም።»

ሐያት ማስቲካ እያኘከች ታዜማለች፤
አምስተኛው ላይ መንጋጋዋ ቀጥ ይላል፣
በጣቷ ጉልበቷን አራቴ ትመታለች።
ዘምዘምን አይታት አታውቅም፤
ዝምታዋን ግን በልኩ ታውቃለች።

ሌሊት አልጋዬ ላይ ጉሮሮዬን ሞከርኩት።
ሐ... ሐ...
ሚስቴ መብራት አበራች፤ «ጉንፋን ያዘህ እንዴ?»
«ሐንድ» አልኳት።
«ምን?»
ከሐንድ ቀጥሎ ያለውን ገና አላውቅም።