ዳሩ

ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ተኩል፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ፣
አንድ ጠረጴዛ አለን፣ አንደኛው እግሩ አጥሮ፤
ከሥሩ የታጠፈ የፈተና ወረቀት አስገብተን
አምስት ሆነን እንቀመጣለን፣ አራት ወንበር ይዘን።
የዘገየ ሰው መስኮቱ ላይ ነው የሚቀመጥ።
ዛሬ የዘገየሁት እኔ ነኝ፣ መምህሩ።

ሕግ አለን፦ አባይን ማንሣት ክልክል ነው፤
ወንዝም ውሸታምም የሚሆነው ቅኔ
ስንት ጊዜ ይታጠብ?

ሁለት ስንኝ ገልብጬ መጣሁ፣ ከአንድ አሮጌ ዘፈን፤
ክራሩን ፈትቼ፣ ከበሮውን ትቼ፣
ቃሉ ራቁቱን ሲቆም ምን ይመስላል ብዬ፦

        ቆሜ ስጠብቃት ታንኳዬን አስሬ፣
        ማዶ ያሉት ሰዎች «ዳሩ» አሉኝ ዛሬ።

«እንዳታንጎራጉሩ» አልኩ፤ «ዜማ ያባብላል፤
ዜማ ያለው ነገር ሳይገባን ይገባል።»

ምንይችል ግን ባጃጁን ሲያቆም ጀምሮ በአፍንጫው ይዞታል።
«ይሄንን» አለ «ከቀበሌ አሥራ አራት እስከ ሽንብጥ
በቀን አርባ ጊዜ እሰማዋለሁ፤
ቃል እንዳለው ዛሬ ገና አየሁ።
ዳሩ ማለት ዳሩ ነው። ‹ከዳር አትራቅ› ብለውት ነው፤
መሀሉን እምቦጭ ይዞታል፣ ታንኳው ይጠለፋል።»
ሣቅን። እሱ አልሣቀም።
መንገድ የሚያድር ሰው ነው፤ ግጥምም ሲያነብ
የት ጋ እንደተዘጋ ነው የሚያይ።

ይታይሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራ፣
የሰው ፊደል ስታባዛ ውላ
ቀለሙ ከጣቷ ሳይለቅ የምትመጣ።
«ዳሯት» አለች፣ ወረቀቱን ሳታይ። «ልጅቱን ዳሯት። በቃ።»

እኔም የለመድኩትን ዱላ፣ ሰዋስውን አነሣሁ፦
«ዳሯት ቢሆን ‹ሯት› ይል ነበር፤ እዚህ ያለው ‹ሩ› ነው።
ተሳቢዋ የት አለች? ግሱ ውስጥ ሴት የለችም» ብል፣
«እሱማ ነው» አለች፤
«ከግሱም አውጥተው ነዋ የዳሯት።»

ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ፣
ተሳቢ የጎደለበትን በቀይ ከብቤ ከብቤ፣
ሰው ጎድሎበት እንደሆነ
አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ጥሩዓለም አባቷ ደቅ ድረስ ጀልባ ይነዱ ነበር።
«ውሃ ላይ» አለች «ድምፅ ሙሉውን አይደርስም፤
ጭራውን ነፋስ ይበላዋል።
አባቴ ‹ተመለሽ› ሲለኝ ‹ተመለ› ነበር የምሰማ፤
የቀረውን በእግሬ ነበር የምሞላው።
ሰውዬው የሰማውን ነው የዘፈነ፣
የተባለውን አይደለም።»

ባይለየኝ ከእንጅባራ ነው፤ አፉን የፈታው በአገውኛ፣
አማርኛን በበሩ ሳይሆን በመጽሐፍ የገባ፤
ምዕራፍ ሰባት ደርሷል፣ አያያዥ ቃላት።
እጅ ማውጣት ቀርቷል ብንለውም እጁን አወጣ።
«ከ‹ዳሩ› በኋላ ‹ግን› ይመጣል፣ ይላል እዚህ።
ሰዎቹ አልጨረሱም ማለት ነው፣ መምህር።
‹ዳሩ ግን› ሊሉት ነበር።
ከ‹ግን› በኋላ ምን ነበር?»

ልሥቅ ብዬ ጥርሴ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።
ኪሴ ውስጥ ፍቺው አለ፣ ማታ ያዘጋጀሁት፣
ሁለት ዓምድ፣ ሰም በግራ፣ ወርቅ በቀኝ፣
በማስመሪያ የተሰመረ፤
ለባይለየኝ የሚሆን ዓምድ የለውም።
አራት ቦታ አጠፍኩና
ከጠረጴዛው እግር ሥር ጨመርኩት።
አሁንም ትንሽ ይነቀነቃል።

መሸ። ሦስት በሚጭን ባጃጅ አራት ሆነን ተጫንን፣
ምንይችል ሳይከፍሉ መሄድ የለም ብሎ እየቀለደ።
ዘንባባዎቹ ሥር ስንደርስ ያው ዘፈን መጣ፤
ማንም አላንጎራጎረ።
«ማዶ ያሉት ሰዎች» ሲል ባይለየኝ ወደ ፊት ተጠጋ፣
ሞተሩን ቀስ አደረገለት።

«ዳሩ» ካለ በኋላ
ዘፋኙ ትንፋሽ ይወስዳል ለካ፤
አንዲት ቀለም የምታህል ቦታ።
ከዚህ በፊት ሰምቻት አላውቅም።