ስህተት ፲፯

በታምፔሬ ኅዳር፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት ቀኑ ይመሻል፤
የድሮው ሽመና ቤት የኛ ቢሮ ሆኗል፣ ፏፏቴው ከመስኮት ስር ይጮሃል።
ለሆስፒታል ነው የምጽፈው፣
ስንት ጠብታ፣ ለየትኛው ሕፃን፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጠው።

የመጀመሪያው ኮምፓይለሬ ጠባዩ ሌላ ነበር፤
አንዲት ድርብ ሰረዝ ስረሳ
ሁለት መቶ መስመር ይተፋብኛል፣
እንደ ሰካራም ጎረቤት በሌሊት ሲያገሳ።
ሰሙ መስመር ዘጠና፣
ወርቁ ግን መስመር አሥራ ሁለት፣
አንድ ያልተዘጋ ቅንፍ የተቀበረበት።
ቅኔ ቤት ሳልገባ ቅኔ ስፈታ አደርኩ፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ ራሴን ሰደብኩ።

የአሁኑ ዝቅ ብሎ ነው የሚናገረው።
ከቃሉ ስር ቀይ ያሰምራል፣
«ሚሊግራም ስጠብቅ ሚሊሊትር ሰጠሽኝ፤ እዚህ፣ መስመር አርባ» ይላል።
ደግሞ፦
«‹ክብድት› የሚባል አላውቅም፤
ምናልባት ‹ክብደት› ማለትሽ ይሆን?»

ምናልባት!
አለቃዬ እንኳ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ማሽኑ እኮ አይደለም» አለች ኤይላ፣
ጡረታዋ ሁለት ወር የቀራት፣ የሹራብ መርፌዋን ሳታቆም፤
«አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው፣
ማን እንደሆንሽ ሳያውቅ፣
የት ላይ እንደምትስቺ ሲያልም።»

ዝም አልኩ።
የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ከተማ፣
ጣቴ የሚደናቀፍበትን ድንጋይ ቀድሞኝ አይቶ
ፋኖስ ሰቅሎበት ሄዷል፣ በጨለማ።

ስልኩ ጮኸ። ሲርካ ናት፣ ከሕፃናት ክፍል።
«ስክሪኑ ‹ስህተት አሥራ ሰባት› ይላል።
አሥራ ሰባት ምንድን ነው?»
ድምፅዋ ጨዋ ነው፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

አሥራ ሰባትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣
አምና፣ አርብ ማታ፣ ባቡር እንዳያመልጠኝ ስሮጥ።
ትርጉሙን እኔም ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣
አሮጌ ፋይል ስበረብር፣
እሷ ስልኩን ይዛ ስትጠብቅ፣ ጆሮዬ ሲግል፣ ፊቴ ሲለወጥ።

ቁጥሩን ደመሰስኩት። በቦታው ጻፍኩ፦
«የሕፃኑ ክብደት አልተሞላም።
ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ በኪሎ ያስገቡ።»
ጥቂት አሰብኩና «እባክዎ» ጨመርኩበት።

ከዚያ ኮምፓይለሩን አስነሳሁት።
መስመር ስድስት ላይ ድርብ ሰረዝ ረስተሻል፣ አለኝ።
«እግዜር ይስጥህ» አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ፣ በአማርኛ።

ኤይላ ምን እንዳልኩ ባይገባትም ሳቀች፤
ስትስቅ ቆጠራው ጠፋባት፣
አንድ ዙር ፈትታ
እንደገና ጀመረች።