ተመላሽ

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ጉም ሳይነሣ ገና፣
መባ እቆጥራለሁ ከኛ ቁምስና።
የኮሶበር ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤
ሳንቲሙም ቀዝቅዞ መዳፍ ይገዘግዛል።
አርባ አባወራ ነን፣ ካቶሊክ፤ ጣራችን ያፈሳል፤
ለአንድ ቆርቆሮ መግዣ ስንት እሑድ ይጨርሳል።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ገንዘብ ስደምር፣
ድንቡሎ ጎድላብኝ አላውቅም ሳፍር።
ገቢ በቀኝ ዐምድ፣ ወጪ በግራው፣
ቀይ እስክሪብቶዬ የሁለቱ ዳኛው።
ሌላው ይሰጣል፤ እኔ እጽፋለሁ፤
መጻፌን እንደ መስጠት እቆጥረዋለሁ።

ከብሮቹ መሀል ግን አንድ አለች የማውቃት፣
አራት ቦታ ታጥፋ ጥላሸት የነካት፤
መቶ ብር፣ የአውራ ጣት አሻራ ያለባት፣
የባንክ ቤቷ ልጅ ሁሌ የምትጸየፋት።
“እባክህ ታጥባ ትምጣ” ትላለች ልጅቱ፤
በምራቅ ባሸውም አይለቅ ጥላሸቱ።

የማን እንደ ሆነች እኔ መች አጣሁት፤
ከዘንገና ማዶ ከሰል ሲያከስል ያየሁት፣
ቢያድግልኝ ነው እሱ፤ ከበር ሥር የሚቆም፣
ነጠላው ቢታጠብ ነጭ የማይሆን መቼም።
ዲከረንስ ተክሎ፣ አምስት ክረምት ጠብቆ፣
ቆርጦ፣ ዐፈር አልብሶ፣ በጢስ ተጨናንቆ፣
ጆንያውን ሞልቶ፣ በአይሱዙ ጭኖ፣
ከዐሥር የአንዱን ዋጋ ለመባ ወጥኖ፣
ይመጣል እሑድ፤ ግራ ቀኝ ሰው አይቶ፣
ይጥላል በቀዳዳው፣ እንደ ሌባ ፈርቶ።

ካቻምና ነው መሰል በሽታ ገባና፣
ዛፉ ቆሞ ደረቀ፣ ከጫፍ ጀመረና።
ቅጠሉ እንደ ዝገት ቀልቶ ረገፈ፤
የአምስት ክረምት ላቡ በአንድ በጋ አለፈ።
መቶዋም ቀረች፤ ቦታዋን ባዶ አየሁ፤
“ገቢ ቀንሷል” ብዬ ለአባ ነገርሁ።
ስለ ሰውየው አልነበረም። ስለ ዐምዱ ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት በሩን ልከፍት ስመጣ፣
ዐሥራ ሁለት ችግኝ፣ ሥሩ ከላስቲኩ የወጣ፣
በጆንያ ጠቅልሎ ደረጃው ላይ አኑሮ፣
ቢያድግልኝ ጠበቀኝ በብርድ ተኮማትሮ።

“ኮሶ ነው” አለኝ፣ “ያገራችን ስም፤
ጥላው ለልጅ ልጅ ነው፣ ለኛ አይደርስም።
ዘንድሮ ብር የለኝም፤ ግን እጄ አለ፤
መሬቱም የሱ ነው፣ ዝናቡም ያው ጣለ።
አምስት ክረምት ሲያዘንብ ደረሰኝ ሳይጠይቅ፣
አንድ በጋ ቢነሣኝ ትቼው ልራቅ?”

“ደረሰኝ” ሲል ሰምቶ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤
ልማድ ነው፤ ካርኒዬን ሊያወጣ ወደደ።
ግን ምን ብዬ ልጻፍ? “ችግኝ፣ ዐሥራ ሁለት”?
ዋጋው ስንት ይባል? የት ዐምድ ይግባለት?

አባ ተስፋልደት ካባቸውን ሰብስበው፣
“ና፣ ቆፍር” አሉኝ ዶማውን አቀብለው።
“አባ፣ ሒሳብ አለኝ” አልሁ፤ እሳቸውም፣
“ያንተስ የት አለ?” አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

የኔስ?

ደብተሩን ገለጥሁት፣ የዐሥራ ሰባት ዓመት፤
ስሞች፣ ስሞች፣ ስሞች፤ የኔ የሌለበት።
ሰርቄ አላውቅም፤ ሰጥቼም አላውቅ፤
እጄ ንጹሕ ነበር፣ ምንም የማይለቅ።

ቆፈርሁ። ምን ልዋሽ፣ ወገቤን አመመኝ፤
ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ቢያድግልኝ ተቀበለኝ።
ዶማውን ሲቀበል እጁ እጄን ቢነካት፣
ጥቁር ማኅተም ቀረ፤ እኔም አላጠብኋት።

ማታ መብራት ሄዶ፣ በሻማ ጭላንጭል፣
“ገቢ” የሚለውን ሰረዝሁት በመስቀል፤
ከበላዩ ጻፍሁ “ተመላሽ” የሚል ቃል።
ኦዲተር ቢመጣ ምን እንደሚል ይታወቃል።
የቢያድግልኝ ተራ፦ ዐሥራ ሁለት ኮሶ።
የኔ ተራ፦ ስሜ፤ ከጎኑ ግን ቁጥር
የለም፤ ጥላሸት አለ፣ የአንድ ጣት ያህል ጥቁር።