ከማኅተሙ በታች

ከከፊራ ወረድ ሲል፣ ከቆርቆሮ ሱቅ በር ላይ፣
አው ኢስሐቅ ማኅተም ይቀርጽ ነበር፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለፀሐይ።
ዐረብኛው ከቀኝ ይነሣል፣ አማርኛው ደግሞ ከግራ፣
ሁለቱን ገልብጦ ነበር ጎማው ላይ የሚሠራ።
እኔ ብናኙን እፍ የምል፣ ቀለም የማጠጣ ልጅ፣
አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ሥራ ጠል፣ ጥያቄ ወዳጅ።

አንድ ቀን ሰው መጣ፣ ሽቶው ቀድሞት የደረሰ፣
የአባቱን ኑዛዜ ይዞ፣ ጠርዙ በላብ የራሰ።
«ከፊርማው በታች ክፍት ነው፤ አየኸው ይህን ቦታ?
አንዲት መስመር ታግባልኝ፤ እከፍልሃለሁ እስከ ማታ።
ማኅተሙን አስመስለህ ቅረጽና ዝቅ አርገህ ምታው፤
እህቴ ፊደል አትለይ፤ ማን አለ ደፍሮ የሚፈታው?»

አው ኢስሐቅ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ፣
ክቡን ማኅተም በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ረጋ ረጋ።
የቀበሌ ማኅተም ነው፤ በወጣትነቱ የቀረጸው ራሱ፣
«ድ» ላይ ያቺ ጉድለት አለች፤ አወቃት እንደ ገዛ ጥርሱ።

«ከዚህ ክብ በላይ ያለው ያባትህ ቃል ነው» አለው፤
«ከክቡ በታች የሚጻፍ ያንተ ነው፤ አባት የለው።
ባዶ ቦታ ስላየህ ያልተጨረሰ አይምሰልህ፣
ዝም ያለው ጨርሶ ነው። ይኸው ወረቀትህ፤ አላህ ያቅናህ።»

ሰውየው ተሳደበ፤ ባጃጅ ጠርቶ ተሰወረ፣
የእኔ ልብ ግን እዚያው ክቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ።
የጁምዓ ኹጥባ ላይ ሰምቼ ነበር «የነብያት ማኅተም» ሲሉ፣
ከመግሪብ በፊት ጠየቅሁት፣ ሱቆች ሲዘጉ ሁሉ፦
«አው ኢስሐቅ፣ ነብዩን ኻተም ማለታቸው ለምንድን ነው?»

«ደብዳቤው አንድ ነው፣ ልጄ። ላኪው አንድ። ረጅም ነው።
ለኑሕ በውኃ መሐል፣ ለኢብራሂም እሳት ዳር፣
ለሙሳ ተራራው ላይ፣ ለዒሳ በመርየም መንደር፣
መስመር በመስመር ወረደ፣ አንዱ አንዱን እያጸና፣
ዐረፋ ላይ ሞላ ገጹ፤ ማኅተሙም ዐረፈና...»
እዚህ ላይ ድምፁን ቀነሰ፤ ከንፈሩ ሰለዋት አወረደ።
«ከዚያ ወዲህ ‹ተላክሁ› ባይ ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፣
ከክቡ በታች ባዶ አይቶ መስመር ሊያስገባ ወደደ።»

«ታዲያ ሰማይ ዝም አለ?» አልሁ። ሳግ ያዘኝ።
መልስ አልሰጠም። ባዶ ጀሪካን አስያዘኝ።

ደቻቱ ወረድን። ወንዙ አሸዋ ነው፣ ጠብታ የለው፣
ጉቶና ስባሪ ጠርሙስ፣ የአምናው ጎርፍ የጣለው።
ተንበርክኮ ጫረ። አንድ ክንድ። በጥፍሩ ሥር ጥቁር ቀለም።
«ቆፍር» አለኝ፤ «ዝናብ ቆመ ማለት ውኃ አለቀ ማለት አይደለም።»

መጀመሪያ እርጥበት መጣ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ጠራ፣
መዳፍ የምታህል ኩሬ፣ ማታን ይዛ የምታበራ።
ከመጋላ አዛን ተነሣ። እጁን ታጠበ፤ ቀለሙ አልለቀቀም።
እኔም ታጠብሁ። ስለዚያ ነገር ዳግም ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ሱቁ የእኔ ነው። ጎማውን የሚበላው ሌዘር ነው፣
መብራት ሲጠፋ ግን የእሱን ቢላዋ ነው እጄ የሚያምነው።
ዛሬም ይመጣሉ፣ ባዶ ቦታ የሚያሳዩ በጣታቸው፤
ጥግ ያለውን ጀሪካን አሳያለሁ። አይገባቸው።