አሥራ ስምንተኛው ደረጃ

«ንድፍህ ያለው ደመና ላይ ነው» አሉኝ።
ቀና ብዬ ፈለግኩ፣ ከፍራንኮ በላይ፤
በግንቦት፣ በአዳማ፣ ጥርት ካለው ሰማይ
የጥጥ ንድፍ ታህል ደመና አትታይ።

ድሮ ፕሮግራሙ ሳጥኔ ውስጥ ነበር፣
ማራገቢያው ሲጮህ እንደ ባጃጅ ሞተር፤
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ካቆምንበት መስመር
እኔና እሱ አብረን ሥራ ስንጀምር።

አሁን የወር ኪራይ አለው፣ ያውም በዶላር።
የእህቴ ልጅ ናት ከዱባይ የምትከፍለው፤
እሷ የረሳች ቀን
የሳልኩት ቤት ሁሉ በሩ ዝግ ነው።

ማክሰኞ ኔትወርክ ጠፋ።
ኡርጌሳ ግንበኛው ደወለ፣ ከሸምሲያ ቤት፦
«ሲሚንቶው ተቦክቷል! ደረጃው ስንት ነው?»
ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣
ትዞራለች፣
«ኧረ ሊደርቅብኝ ነው!»
«አሥራ ሰባት» አልኩት፣ በቃሌ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

አሥራ ስምንት ነበር።
ማታ ኔትወርኩ ሲመለስ ንድፉ ነገረኝ፣
ቁልጭ ብሎ፣ አንዲት መስመር ሳትጎድልበት።

ዛሬም ሸምሲያ ቤት ሽቅብ የወጣ እንግዳ
መጨረሻው ላይ እግሩ ይደናቀፋል፤
ግድግዳውን ይዞ፣ «ማነው የሠራው?» ይላል፣
ወደ ላይ ያያል።

ደመና የለም።