ማንም አልመታውም

ዓርብ ማታ ነበር እንግዲህ፣ ለሦስት መቶ ብር፣
ኮዬ ፈጬ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ገና መዝጊያ በሌለው በር፣
ሴራሚክ አንጥፈን ውለን፣ ጉልበታችን ሲሚንቶ፣
እሱ «ነገ» ሲለኝ፣ «ዛሬ» ስለው፣ ነገር ከነገር ተጋጭቶ፣
ወጣች ከአፌ እንደ ዋዛ፣
ቀላል፣ እንደ ጠዋት ጤዛ፦
«ሂድ! ወገብህን ይቁረጠው!»
ሳቀ ባይሳ፤ መሮውን ከጆንያው ውስጥ ሸጎጠው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ውሃ ልኩን ይዞ እንደተንበረከከ፣
አንዲት ቃል ሳይወጣው ወደ ግድግዳው ታከከ።
ግራ ጎኑን ይዞ ቀረ፣ እጁ እዚያው ተለጥፎ፣
ላቡ ይንጠባጠባል ሸሚዙን አልፎ።
ስነካው ይጮሃል፣
መልሶ ዝም ይላል።
ዝምታው ነው ያስፈራኝ።

አሳንሰር የለም። አምስቱን ፎቅ በጀርባዬ ተሸከምኩት፤
የተረገመን ወገብ በራጋሚ ወገብ አወረድኩት።
ባጃጁ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር
«ቀስ!» እላለሁ፣ «ፍጠን!» እላለሁ፤ ሁለቱም የኔ ነገር።

«ማን መታው?» አለኝ ነርሱ፣ ሸሚዙን በመቀስ ቀዶ፤
ጎኑን አየው፦ በለዝ የለም፣ ጭረት የለም፣ ቆዳው ባዶ።
«ከመወጣጫ ወደቀ? ወይስ ተጣልታችኋል?»
የበሩ ዘበኛ ቀና አለ፤ ሰው እንዲህ ሲባል ይሰማል።
ምን ልበል? ምላሴ ነው ልበል?
በቃል የሚደማ ሰው አለ ልበል?
ዝም አልኩ። ዝምታዬም ጥፋት ያመነ መሰለኝ፣
ሚስቱ ዘርፌ ደርሳ ዓይኗን ስትጥልብኝ።

አልትራሳውንዱ መጣ፤ ሆዱ ጄል ተቀባ፤
ስክሪኑ ጠቆረ። ግፊቱ ስልሳ በአርባ።
ከውጭ ጠብታ የለም። ሽንቱ ብቻ ሻይ መስሏል፤
ደሙ ወደ ውስጥ ነው፤ ከኩላሊቱ ዙሪያ ኩሬ ሆኗል።
ቤቱ ሳይሰበር፣ መዝጊያው ሳይነቃነቅ፣
ሰው ከውስጥ እንዴት ይሰረቅ?

ዶክተር ሩሐማ አየችው፤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሮጠች።
«ደም» አለች። ሌላ ቃል ሳትጨምር «ደም» አለች።
እጅጌዬን ሰበሰብኩ።
ትናንት ሦስት መቶ ብር አላልፍለትም ያልኩት፣
ዛሬ ከረጢት ሙሉ ደም ሳልቆጥር ሰጠሁት።

በልጅነቴ አባ ገብረ ማርያም ጸሎት ሲያሳርጉ፣
«ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን» እያሉ ሲያዜሙ፣
ይገርመኝ ነበር፦ ኩላሊት ምን ያጤሳል? ምድጃ ነው?
ያን ሌሊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የኔው ሲጤስ ሰማሁት።

ሁለት ሰዓት ላይ ወጣች፣ ማስኩ አገጯ ስር ውሎ፦
«ማንም አልመታውም» አለች፤ «እጢ ነበር፣ ስብ አዝሎ፣
ኩላሊቱ ላይ የኖረ፣ ሳያመው፣ ዝም ብሎ።
ዛሬ በራሱ ፈነዳ። ብርቅ ነው፤ ግን ይሆናል።
ኩላሊቱን አወጣነው። በአንዱ ሰው ይኖራል።»

ዘርፌ መሬቱን ሳመች። ዘበኛው ወደ በሩ ዞረ።
እኔን ሁሉም ለቀቀኝ፤ አንድ ከሳሽ ብቻ ቀረ።

ባይሳ ሰኞ አናገረኝ፣ ከቱቦዎቹ መሃል፦
«ያ ሦስት መቶህ... ዓርብም ኪሴ ነበር። እልህ ነው። ሱሪዬ ውስጥ ይገኛል።»
ሱሪው አልጋው ስር ነው፣ በፌስታል እንደታጠፈ፤
ሦስት ኖት፣ የሲሚንቶ ብናኝ የረገፈ።
በመስኮቱ ብርሃን አገላበጥኳቸው፣ ደም ፈልጌ።
ጠብታ የለም።
ከትራሱ ስር መለስኳቸው፣ ዓይኔን ከዓይኑ ሸሽጌ።